ቀጭን ስልክ ስትገዙ ምን ታተርፋላችሁ? ምንስ ታጣላችሁ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ እጄንና አንገቴን ያመኛል። ስልኬ ትልቅና ከባድ ስለሆነ ይሆን? አዲሶቹን ቀጫጭን ስልኮች ብገዛ ይሻለኛል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። የአንድ ስልክ ዋጋ የብዙ ወር ደሞዝ በሆነበት ጊዜ ሳያጣሩ መግዛት ኪስንም ያሳምማል። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከጤና አንጻር ላስረዳችሁ። የማንንም ስልክ እያስተዋወቅኩ አይደለም፤ ስም የምጠራው ለማነጻጸር ብቻ ነው።

👉 መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ

በ2025 ሁለት በጣም ቀጫጭን ስልኮች ገበያ ላይ ወጡ። አንዱ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ25 ኤጅ ነው፤ ውፍረቱ 5.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 163 ግራም። ሌላው አይፎን ኤር ነው፤ ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 165 ግራም።

አሁን ኤጅን እኩል ስክሪን ካለው ወንድሙ ከኤስ25 ፕላስ ጋር እናነጻጽረው። የሁለቱም ስክሪን 6.7 ኢንች ነው። ፕላስ 190 ግራም ይመዝናል፣ ውፍረቱ 7.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ባትሪው 4900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። የኤጅ ባትሪ ግን 3900 ነው። የሩቁን አቅርቦ የሚያነሳው ካሜራም በኤጅ ላይ የለም። ታዲያ ዋጋው ረከሰ? አልረከሰም። አሜሪካ ውስጥ ሲወጡ ፕላስ 999 ዶላር፣ ኤጅ ደግሞ 1099 ዶላር ነበሩ።

በአጭሩ 100 ዶላር ጨምራችሁ 27 ግራም ትቀንሳላችሁ፤ ከባትሪው ደግሞ አንድ አምስተኛ ያህሉን ታጣላችሁ። ይህ 27 ግራም ለሰውነታችን ምን ይጠቅመዋል?

👉 ለአንገት፦ ብዙም ለውጥ የለውም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንገታችንን የሚያደክመው የስልኩ ክብደት ሳይሆን የራሳችን ጭንቅላት ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ቀና ስንል አንገታችን ይህንን ያለ ችግር ይሸከማል። ስንጎነበስ ግን ጫናው ይጨምራል። በ2014 አንድ የኒውዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ባሳተሙት ስሌት መሠረት ጭንቅላት 60 ዲግሪ ወደ ታች ሲያዘነብል አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። ስሌቱ በሞዴል የተገመተ እንጂ በሰው ላይ የተለካ አይደለም፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው።

እስቲ አስቡት፤ ከስልኩ 27 ግራም ቀንሰን አንገታችን ላይ 27 ኪሎ ስንጭን! ቀጭኑን ስልክ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ሁለት ሰዓት ቲክቶክ ካያችሁ ሕመሙ አብሯችሁ ይኖራል። ከባዱን ስልክ ወደ ዓይናችሁ ከፍታ ጠጋ አድርጋችሁ ብትይዙት ግን አንገታችሁ ያመሰግናችኋል።

👉 ለአውራ ጣትና ለእጅ አንጓ፦ ጥቅም አለው፣ ግን ልክ አለው

እዚህ ላይ ክብደት ለውጥ ያመጣል። ስልክን በአንድ እጅ ይዘን በዚያው እጅ አውራ ጣት ስንጽፍ በአውራ ጣት በኩል በአንጓው ላይ የሚያልፉ ሁለት ጅማቶች ከጠባብ ሽፋናቸው ጋር ይፋተጋሉ። ፍትጊያው ሲደጋገም ሽፋኑ ይወፍራል፣ ያማል። ደ ኬርቬን የምንለው በሽታ ይህ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1895 በጽሑፍ ካሳወቀው ስዊዘርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ስልክ ከመኖሩ በፊትም የነበረ በሽታ ነው ማለት ነው። በተለይ አራስና የሚያጠቡ እናቶችን ያጠቃል፤ ልጅን ደጋግሞ ማንሳት አውራ ጣትን ያደክማልና።

አንዲት የሦስት ወር ልጅ ያላት እናት በዚህ ሕመም መጥታ ነበር። ባለቤቷ «ስልኩ ከብዷት ነው» ብሎ ቀለል ያለ ሊገዛላት አስቦ ነበር። ስናወራ ሌሊት እያጠባች በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደምትቆይ ነገረችኝ። ለተወሰኑ ሳምንታት አውራ ጣቷን የሚደግፍ ማሰሪያ ተጠቀመች፣ ልጇን በመዳፏ በማቀፍ ማንሳት ተማረች፣ ስልኩን ደግሞ ትራስ ላይ ማስደገፍ ጀመረች። ሕመሙ ቀለላት። የስልኩ ብር ለልጁ ወጪ ሆነ።

ሦስት ነገር አስታውሱ፦

✅ ስልኩ ቀጠነ እንጂ አልጠበበም። የኤጅ ወርድ 75.6፣ የፕላስ ወርድ 75.8 ሚሊ ሜትር ነው። አውራ ጣታችሁ የስክሪኑ ጫፍ ላይ ለመድረስ የሚለጠጠው ያው ነው።

✅ ከሥር በትንሿ ጣታችሁ የምትደግፉ ከሆነ ቀጭን ጠርዝ ይበልጥ ይቆረቁራል። ክብደቱ በ14 በመቶ ሲቀንስ ጠርዙ በ20 በመቶ ይሳሳል፤ ስለዚህ ጣታችሁ ላይ የሚያርፈው ግፊት አይቀንስም።

✅ ወፍራም ከቨር ስታለብሱት ያተረፋችሁትን ግራም መልሳችሁ ታጡታላችሁ።

👉 ባትሪውስ? የጤና ጉዳይ ነው እንዴ?

አዎ፣ ነው! ለአንዳንድ ሰው ከግራሙ በላይ ይህ ወሳኝ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ወጣት ታካሚዬ መድኃኒቱን በቀን ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይጥለው ቆይቶ በድንገት ሥራ ቦታው ላይ ጣለው። መድኃኒቱ ያው ነው፣ መጠኑም ያው ነው። ምን ተቀየረ ብዬ ስጠይቀው ስልኩን መቀየሩን እንደ ቀልድ ነገረኝ። ለካ የማታውን መድኃኒት የሚያስታውሰው የስልኩ አላርም ነበር። አዲሱ ስልክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲሠራበት ውሎ ማታ ቤት ሳይደርስ ይዘጋል። አላርሙ ሳይጮህ ያልፋል፣ እሱም ደክሞት ይተኛል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት የማታ መድኃኒት ዘሎ ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት መዝለል ደግሞ በሽታውን ከሚቀሰቅሱ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። የመንገድ ዳር ወይም ደረጃ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። አሁን የባትሪ ድንጋይ የምትበላ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ገዝቶ በእሷ ይጠቀማል።

ስለዚህ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ የስኳር መጠናችሁን በስልክ የምትከታተሉ፣ የደም ማቅጠኛ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ከቅጥነቱ በፊት ባትሪውን ጠይቁ። ብቻዋን ቤት የምትውል እናት ያለቻችሁም እንዲሁ። አምቡላንስ የሚጠራበት ስልክ ሲመሽ የሚዘጋ ከሆነ ቀላልነቱ ምን ይሠራል? መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ይህ በእጥፍ ይመለከታችኋል።

«ፓወር ባንክ እይዛለሁ» ትሉኝ ይሆናል። መልካም፤ ግን መካከለኛ ፓወር ባንክ ብቻውን ከስልኩ በላይ ሊመዝን ይችላል። ሸክሙ ከእጃችሁ ወደ ትከሻችሁ ቦርሳ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

👉 ቻርጅ እያደረጉ መተኛት

ባትሪ ቶሎ ሲያልቅ ቻርጀሩ አልጋችን ውስጥ ይገባል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ስልኩ በእጅ ስለሚሆን እንቅልፍ ይሰረቃል። ሁለተኛ፣ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ይግላል፤ ትራስ ወይም ብርድ ልብስ ሥር ሲሆን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። 44 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ሙቀት ስትነኩት የሚያቃጥል አይመስልም፤ ለብዙ ሰዓት ቆዳ ላይ ከቆየ ግን ያቃጥላል። በስኳር በሽታ ምክንያት እግራቸው ወይም እጃቸው የደነዘዘ ሰዎች ቃጠሎው አይሰማቸውም፣ ጠዋት ቁስል ሆኖ ያገኙታል። ስልካችሁን ከአልጋ ራቅ ባለ ጠንካራ ነገር ላይ አድርጋችሁ ቻርጅ አድርጉ። ባትሪው ካበጠ ደግሞ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ መጠቀም አቁሙ።

👉 ታዲያ ማን ይግዛ?

✅ የአውራ ጣት ሥር ወይም የጣት መገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው፣ እጃቸው የደከመ፣ ከባድ ነገር ለመያዝ የሚቸገሩ ሰዎች ቀላል ስልክ ሊያግዛቸው ይችላል። ለእነሱ ግን ከቀጭን ይልቅ ትንሽና ጠባብ ስልክ ይበልጥ ይመቻል።

✅ ለቤተሰብ አዛውንት የምትገዙ ከሆነ ድምፁን አስቀድማችሁ ሞክሩት። ለምሳሌ አይፎን ኤር ከታች ድምፅ ማጉያ የለውም፤ ያለው ከላይ አንዱ ብቻ ነው። ሲም ካርድ ማስገቢያም የለውም፣ በኢ-ሲም ብቻ ይሠራል።

❌ ሕመማችሁ አንገትና ትከሻ ከሆነ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ውጭ የምትውሉ ከሆነ ብራችሁን አስቀምጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ በአንድ እጅ ይዛችሁ ጻፉበት። ከምታለብሱት ከቨር ጋር ያዙት። አሁን ያለው ስልካችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስንት በመቶ እንደሚቀረው ለአንድ ሳምንት ተመልከቱ። 20 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪው ያነሰ ስልክ አይበቃችሁም።

👉 ያለ ምንም ወጪ ዛሬ የሚጀመር

✅ በሁለት እጅ ያዙ፤ ረጅም ጽሑፍ ከሆነ በድምፅ ላኩ።
✅ ክርናችሁን ጠረጴዛ ወይም ትራስ ላይ አስደግፋችሁ ስልኩን ከፍ አድርጉ። ክርንን ለረጅም ጊዜ አጥፎ መያዝ ግን የቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት ያደነዝዛል፤ በየመሃሉ ዘርጉት።
✅ በየ20 ደቂቃው ስልኩን አስቀምጡ፣ 6 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከቱ። ዓይንም እጅም ያርፋል።

❗ ሐኪም ጋ ሂዱ የምላችሁ መቼ ነው? ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ መደንዘዙ ከእንቅልፍ ካስነሳችሁ፣ ዕቃ ከእጃችሁ መውደቅ ከጀመረ። ከአንገት ሕመም ጋር እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አካሄድ ከተዛባ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል! ይህ የስልክ ጉዳይ አይደለም፣ የአከርካሪ ነርቭ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ስልክ ሊቀይር ላሰበ ጓደኛችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። እናንተስ ቀጭን ስልክ ተጠቅማችሁ ምን አያችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ጤናችሁ ይብዛ!