የወደቁ የጦር አይሮፕላኖችን ስለ ማንሣትና ስለ መጠበቅ

ያለፈውን ዘመን ነገር የሚያስረዱን ምስክሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ነው። መጽሐፍን ጸሓፊው እንደ ወደደ ሊጽፈው ይችላል፤ ዕቃ ግን የደረሰበትን ሁሉ በገላው ላይ ተሸክሞ ስለሚኖር አስተውሎ ለሚመረምረው ሰው እውነቱን ይነግረዋል። ስለዚህም ምክንያት በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት በጦርነት ጊዜ የወደቁትን አይሮፕላኖች ከባሕርና ከበረዶ ውስጥ እያወጡ በቤተ መዘክር ያኖሯቸዋል። ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራና ለእኛም ምን ትምህርት እንዳለበት በአጭሩ እንገልጻለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ሦስቱን ሥራዎች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ማንሣት ማለት ስብርባሪውን ከወደቀበት ቦታ ማውጣት ነው። ማደስ ማለት የጐደለውንና የተበላሸውን በአዲስ እየተኩ ወደ ቀድሞው መልኩ መመለስ ነው። መጠበቅ ማለት ግን ዕቃውን በተገኘበት ሁኔታ አቁሞ ጥፋቱ ወደ ፊት እንዳይሄድ መከልከል ነው። ብዙ ሰው ድካሙ ሁሉ በማንሣት የሚፈጸም ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ዋናው ድካም የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን አንድ የጀርመን ቦምብ ጣይ አይሮፕላን አለ፤ ስሙም ዶርኒየር 17 ይባላል። ይህ አይሮፕላን ኦገስት 26 ቀን 1940 ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ተመትቶ በኬንት ግዛት አጠገብ ጉድዊን ሳንድስ ከሚባለው የባሕር አሸዋ ላይ ወደቀ። በውስጡ ከነበሩት 4 ሰዎች 2ቱ ሞቱ፤ 2ቱ ተማረኩ። አይሮፕላኑም በጀርባው ተገልብጦ፣ አሸዋው አንድ ጊዜ ሲሸፍነው አንድ ጊዜ ሲገልጠው፣ ከ70 ዓመት በላይ በባሕር ውስጥ ኖረ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የብረት አልጋ በዙሪያው ሠርተው ሊያወጡት አስበው ነበር። ነገር ግን ነፋስና ማዕበል ብዙ ቀን ስላስተጓጐላቸው አሳባቸውን ለውጠው ጠንካራ በሆነው ክፍሉ ላይ ገመድ አስረው ጁን 10 ቀን 2013 አነሡት። እንደዚህ ያለ አይሮፕላን በጦርነቱ ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ ተሠርቶ ሳለ፣ ብዙው አካሉ ተርፎ የተገኘው ይህ ብቻ ነው።

አሸዋና ውሃ ነፋስን እየከለከሉ ብዙ ዘመን ያቈዩታል። ነገር ግን የባሕሩ ጨው በዚያው ጊዜ አሉሚኒዩም በሚባለው ቀላል ብረት ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። አይሮፕላኑ ከባሕር በወጣ ጊዜ ጨውና እርጥበት ከነፋስ ጋር ተባብረው ብረቱን ይበሉታል። ገበሬ ማረሻውን በእርጥብ ስፍራ ጥሎት ቢያድር ዝገት እንደሚጀምረው ሁሉ፣ ይህም ካልታከመ በጥቂት ዘመን ወደ ዱቄትነት ይለወጣል። ስለዚህ አይሮፕላኑን ኮስፎርድ ወደሚባለው የቤተ መዘክር ሥራ ቤት ወሰዱት፤ በረጃጅም ዳስ ውስጥም አኖሩት። በለንደን የኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቃውንት በመረመሩት ዘዴ መሠረት፣ በሎሚ ውስጥ የሚገኘውን ኮምጣጣ ነገር በውሃ አቅጥነው ብዙ ወራት ረጩበት። ውሃው ጨውን እያጠበ አወጣው፤ በላዩ የተጋገረውንም የባሕር ቅርፊት አለሰለሰው።

ይህን አይሮፕላን እንደ አዲስ አድርጎ መሥራት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን ከባሕር ሲወጣ የመንኰራኵሮቹ ጎማዎች ነፋስ እንደ ተሞሉ ነበሩ፤ ውልብልቢቶቹም ውሃውን ሲመቱ የደረሰባቸው ጉዳት ይታይባቸው ነበር። የተጐዳውን ውልብልቢት አቃንቶ ቀለም የሚቀባ ሰው ለዓይን ያማረ ዕቃ ያገኛል፤ ምስክሩን ግን ዝም ያሰኘዋል።

ይህም ሲባል ማደስ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ጁላይ 15 ቀን 1942 ወደ እንግሊዝ አገር ይጓዙ የነበሩ 8 የአሜሪካ የጦር አይሮፕላኖች በክፉ አየር ምክንያት በግሪንላንድ በረዶ ላይ አረፉ፤ ሰዎቹም ሁሉ ዳኑ። ከጊዜ በኋላ አይሮፕላኖቹ በበረዶ ተቀበሩ። ፈላጊዎች በረዶውን በሙቀት እያቀለጡ ጕድጓድ ቈፍረው፣ ፒ 38 የሚባለውን አንዱን አይሮፕላን ከ82 ሜትር ጥልቀት ክፍል በክፍል አወጡት፤ ይህም በ1992 ነው። ከ10 ዓመት ሥራ በኋላ ኦክቶበር 26 ቀን 2002 ዳግመኛ በአየር ላይ በረረ። የሞተሩን ድምፅ መስማት ራሱ ትምህርት ነው። ነገር ግን በዚያው በግሪንላንድ በ1947 የወረደውን ኪ በርድ የተባለውን ትልቅ አይሮፕላን በ1995 ጠግነው ከዚያው ሊያበርሩት ሲሞክሩ እሳት ተነሣበትና ተቃጠለ። ለ48 ዓመት ብርዱ የጠበቀውን የአንድ ቀን እሳት አጠፋው።

የወደቀ አይሮፕላን ብዙ ጊዜ የሰው መቃብር ነው። ወዳጅም ቢሆን ጠላት፣ በውስጡ ያለው አጥንት የእናት ልጅ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1986 በወጣው ሕግ የወደቀ የጦር አይሮፕላን ያለ ፈቃድ እንዳይነካ መከልከሉ ለሟቾቹ ክብር ሲባል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1935 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራውን «ፀሐይ» የተባለ አይሮፕላን እናስታውሳለን። ኢጣልያኖች በወረራው ጊዜ ወሰዱት፤ ብዙ ዘመንም በአገራቸው ቤተ መዘክር ኖረ፤ በጃንዋሪ 2024 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ሊመለስ የቻለው ቀልጦ ሌላ ዕቃ ስላልሆነ ነው። በየመንደሩ ለቀጥቃጭ ተሰጥቶ ቢላዋ የሆነ የታሪክ ብረት ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሌዎች ለልጆች እንዲህ ብለው ማስተማር ይገባቸዋል። በእርሻ ወይም በዱር የጦር ዘመን ብረት የሚያገኝ ሰው አይንካው፤ አይምታው፤ ወደ እሳትም አያቅርበው። ያልፈነዳ ቦምብ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ሊገድል ይችላልና። ቦታውን በሩቅ ምልክት አድርጎ ሌላውን ሰው ይከልክል፤ ወዲያውኑም ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው ሹም ያስታውቅ። ሽማግሌዎችም ስለዚያ ብረት የሚያውቁትን፣ በማን ዘመን እንደ ወደቀና ማን እንደ ሞተበት፣ ለመምህሩ ይንገሩ፤ መምህሩም በደብተር ይጻፈው። ብረቱን የሚያድኑ ሊቃውንት ሩቅ ቢሆኑም፣ የብረቱን ታሪክ የሚያውቁት ሰዎች ሳይሞቱ መጻፍ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚቻል ሥራ ነው።