አቀንጭራና የገበሬው ሂሳብ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደጋንና በአካባቢዋ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ስለ አረም ሲነሳ አቀንጭራን ሳይጠቅስ አያልፍም። ሮዝ አበባው ዓይን ይስባል፤ ዳሩ ግን አበባው በታየ ጊዜ አብዛኛው ጥፋት ተፈጽሟል። አቀንጭራ ከአፈር ብቅ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ያህል ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ሲመጥ ይቆያልና።

እንግዲህ «ታዲያ ማረሙ ምን ይጠቅመኛል?» የሚለው ጥያቄ የስንፍና ሳይሆን የጉልበት ሂሳብ ነው። እኛም የፊዚክስ ሰዎች እንደ መሆናችን በቁጥር እንመልከተው። የአቀንጭራ ዘር ርዝመቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ተክል 50,000 ዘር ቢጥልና ከየ10,000ው አንዱ ብቻ ቢሳካለት 5 ተክሎች ይተካሉ፤ በቀጣዩ ትውልድ 25፣ ከዚያም 125 ይሆናሉ። በመሆኑም ዘር ሳይጥል የተነቀለ አቀንጭራ የዘንድሮውን ምርት እምብዛም ባያድንም የመጪዎቹን ዓመታት ያድናል። ያበበውን ነቅሎ በማሳው ዳር መጣል ግን ድካም ብቻ ነው፤ መቃጠል ይኖርበታል።

ከዚህ የረከሰው ዘዴ የሚገኘው የዘሩን ባሕርይ ከማወቅ ነው። ዘሩ ዝናብ ስላገኘ ብቻ አይበቅልም፤ በእርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ ከሰነበተ በኋላ ከሥር የሚመነጭ ኬሚካላዊ ጥሪ ይጠብቃል። ስትሪጎላክቶን ከተባሉት ከእነዚህ ውሕዶች የመጀመሪያው በ1966 እ.ኤ.አ. የተገኘው ከጥጥ ሥር ነበር። የሚያስገርመው ጥጥ በአቀንጭራ አለመጠቃቱ ነው! ዘሩ በጥጥ ማሳ ተታልሎ ይበቅላል፤ የሚጣበቅበት ሥር አጥቶም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ሰሊጥና አኩሪ አተርም እንዲሁ ያታልሉታል። ነገር ግን አንድ ክረምት አይበቃም፤ በጥማድ የምትቆጠር መሬት ያለው ቤተሰብም ለተከታታይ ዓመታት ማሽላውን ትቶ ጥጥ ይዝራ ማለት ከወንበር ላይ የሚሰጥ ምክር ነው።

ተክሉስ ጠላቱን ለምን ይጠራል? ጥሪው በእርግጥ ለአቀንጭራ የታሰበ አይደለም። ፎስፈረስ ያነሰው ተክል ይህን ንጥረ ነገር የሚያቀብሉትን የአፈር ፈንገሶች ሲጣራ አቀንጭራ ሰምቶ ይመጣል። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ጥሪው ይበረታል። ኩበቱ ለማገዶ በሚውልበት ቤት ፍግ ለማሳው አይተርፍምና፣ የማገዶ ችግርና የአረም ችግር የተሳሰሩ ናቸው።

በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ጥሪያቸው ደካማ የሆነ የማሽላ ዝርያዎችን አዳብረው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። «ጎብዬ» እና «አብሽር» በአገራችን የተለቀቁ የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። መድኃኒት ርጭት አይጠይቁም፤ ሆኖም ከማዳበሪያና እርጥበትን ከማቆየት ጋር ሲጣመሩ ይበልጥ ይሠራሉ። ለዘር የሚቀመጠው ማሽላም አቀንጭራ ካልታየበት ማሳ ቢመረጥ ይበጃል፤ ያ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ንጹሕ ማሳ ይሻገራልና።