የጎመን ምንቸት ከቤት እንዳይወጣ
የጓሮ አትክልት ከጸደይ እስከ በጋ

«የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚለው አባባል መስከረም ሲጠባ በብዙ የገጠር ቤት ሲነገር የኖረ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትባቸው፣ ቤተሰቡም ክረምቱን በጎመን የሚገፋባቸው ወራት መሆናቸውን ያስረዳል። ይሁን እንጂ ጎመንን የችግር ጊዜ ምግብ ብቻ አድርጎ በመቁጠር፣ እህል ሲደርስ ከቤት ማስወጣቱ ቤተሰቡን፣ በተለይም ሕፃናትን ይጎዳል።

እህል ሆድን ቢሞላም ሰውነት የሚሻውን ሁሉ አያሟላም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ከመቶ 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ መንስኤ ብዙ ነው፤ ከነዚህም አንዱ የቤተሰቡ ማዕድ በአንድ ዓይነት እህል ላይ ብቻ መመሥረቱ ነው። ሲመሽ አጥርቶ ማየት የሚሳነው፣ ማለትም ዳፍንት የያዘው ሕፃን ደግሞ የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ስለሚሆንበት ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ ይኖርበታል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ዱባ ይህን እጥረት አስቀድሞ ለመከላከል ይረዳሉ። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ታክሎባቸው ሲበሉ ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምባቸዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቦታ ሰፊ አይደለም። ወርዳቸው 1 ሜትር፣ ርዝመታቸው 5 ሜትር የሆነ አራት መደቦች ከቤት አጠገብ ቢዘጋጁ ለጀማሪ ቤተሰብ ይበቃሉ። የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር የማይበልጠው፣ አፈሩን ሳይረግጡ ከግራና ከቀኝ ለመኮትኮት እንዲቻል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አጥር ያስፈልጋል። ዶሮና ፍየል የሚገቡበት ጓሮ የአንድ ወር ድካም በአንድ ጧት የሚጠፋበት ነው።

ጸደይ (ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25)

የክረምቱ ማዕድ የሚታሰበው በዚህ ወቅት ነው። የበልግ ዝናብ በሚያገኙ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ድንች በሚያዝያ መጀመሪያ ቢተከል፣ ከ100 እስከ 120 ቀን ስለሚፈጅበት ሐምሌ ውስጥ፣ ጎተራው በሚራቆትበት ጊዜ ይደርሳል። ዘሩን በበሽታ ከተጠቃ ማሳ መውሰድ አይገባም። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎችን ከልማት ሠራተኛው ጠይቆ ማግኘት ይጠቅማል። በግንቦት የጎመን ዘር በትንሽ መደብ ላይ ይፈላል፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሆነውም ችግኙ ለተከላ ይደርሳል።

ክረምት (ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25)

በዚህ ወቅት ጠላቱ የውኃ መብዛት ነው። መደቡ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለትና ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ሊቀደድለት ይገባል። የጎመን ችግኝ በተክልና በተክል መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ይተከላል። ቅጠሉ ሲለቀም ከታች ያለው ተወስዶ የመሐሉ ቡቃያ ከተተወ ተክሉ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። ቲማቲም ግን በከባድ ዝናብ ወቅት ቅጠሉን በሚያጠቁረው የምች በሽታ ስለሚጠቃ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ማቆየቱ ይሻላል።

መፀው (ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25)

ካሮትና ቀይ ሥር የሚዘሩበት፣ የቀይ ሽንኩርት ችግኝም የሚዘጋጅበት ወቅት ነው። ካሮት በመደቡ ላይ በቀጥታ ይዘራል እንጂ እንደ ጎመን ችግኙ ተነቅሎ አይተከልም፤ ሲበቅልም በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይሳሳል። በኅዳር የተዘራ ካሮት በየካቲት ስለሚደርስ ለዓቢይ ጾም ማዕድ ያገለግላል። በደጋ ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ድንችና ዱባን ማታ በጭድ ወይም በሣር መሸፈን ያስፈልጋል። ከክረምት የተረፈው አረም ዘር ሳይጥል ታጭዶ ከፍግና ከአመድ ጋር ተደባልቆ ቢከመር፣ እርጥበቱ እየተጠበቀና እየተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ለጸደይ የሚሆን ብስባሽ ይወጣዋል።

በጋ (ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25)

ብዙ ጓሮ የሚደርቀው በበጋ ነው። ምክንያቱም ሁሉንም መደብ ለማጠጣት ስለሚሞከርና ውኃው ለአንዱም ስለማይበቃ ነው። 5 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ መደብ በቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ያህል ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውኃ ከሩቅ የሚቀዳ ቤተሰብ ከአራቱ መደቦች አንዱን ብቻ ይዞ፣ በእሱም ላይ ተለቅሞ ተመልሶ የሚያቆጠቁጠውን ጎመንና ቆስጣ ቢያለማ ይሻለዋል። እህልና አትክልት የታጠበበትን ውኃ ሳይደፉ ለመደቡ ማዋል፣ በጧት ወይም በማታ ማጠጣት፣ አፈሩንም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ድካሙን ያቀላል። ጎመኑ ሳያብብ ብዙ የቆየውንና ጤናማውን ተክል ለዘር መተውም መዘንጋት የለበትም።

ክሽክሽ በጎመን ላይ ሲታይ የተጠቃውን ቅጠል ቶሎ ለቅሞ ማስወገድ ይገባል። ለእርሻ ወይም ለጎተራ የተገዛን የተባይ መድኃኒት፣ ነገ ተቀቅሎ በሚበላ ቅጠል ላይ መርጨት ቤተሰብን መመረዝ ነው።

በመጨረሻም ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ሥራው ለእናቲቱ ብቻ እንዳይተው ነው። እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ መደቡንም ብቻዋን ኮትኩታ ልትዘልቀው አትችልም። ቁፋሮውንና አጥሩን አባወራው፣ ኩትኳቶውን ልጆች ሊካፈሉት ይገባል። ሁለተኛው፣ ገበያው ቢያጓጓም ከጓሮው የተለቀመው ሁሉ ለሽያጭ እንዳይወጣ ነው። ካሮቱ ተሽጦ ሕፃኑ ደረቅ እንጀራ ከበላ ጓሮው ተግባሩን አልፈጸመም። መጀመሪያ ለምንቸቱ፣ የተረፈው ለገበያ መሆን አለበት። ይህን የሚያደርግ ቤተሰብ መስከረም ሲጠባ የገንፎውን ምንቸት ሲያስገባ የጎመኑን ማስወጣት አያስፈልገውም።