የማርትሬዛ ብር፦ በላዩ የተጻፈው ዓመት እና የጌዴኦ የአካባቢ ታሪክ ጥናት

በጌዴኦ ዞን የቡና ንግድን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ጠገራ ብር ቢያገኝ በላዩ «1780» የሚል ዓመት ያነባል። ከዚህ ተነሥቶ የብር ገንዘብ በአካባቢው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይዘዋወር ነበር ብሎ ቢደመድም ግን ይሳሳታል። የስሕተቱ ምንጭ የሳንቲሙ አሠራርና ታሪክ ነው።

ማርትሬዛ በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም «ታለር» ከሚባለው የገንዘብ ዓይነት ይመደባል። ስሙ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ከሚገኘው የዮአኪምስታል የብር ማዕድን ሥፍራ የመጣ ሲሆን፣ «ታል» ማለት ሸለቆ ነው፤ «ዶላር» የሚለው ቃልም ከዚሁ ተወልዷል። በጀርመን አገር ታለር በማርክ ከተተካ በኋላም የቆዩት ሳንቲሞች በሦስት ማርክ ሒሳብ እስከ 1907 እ.ኤ.አ. ሲሠራባቸው ቆይተው ከዝውውር ወጡ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ታለር ግን በትውልድ አገሩ ሕጋዊነቱን በ1858 እ.ኤ.አ. ቢያጣም በቀይ ባሕር ዙሪያና በኢትዮጵያ ኑሮው ቀጠለ።

ንግሥቲቱ በኅዳር 1780 እ.ኤ.አ. ዐርፋለች። ነጋዴዎች የለመዱት መልክ እንዳይለወጥባቸው ስለፈለጉ፣ ከዚያ በኋላ የተመቱት ሳንቲሞች ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘው ቀሩ። ለተከታዮቹ አርአያ የሆነው በዛሬዋ ባቫሪያ በምትገኘው የጉንዝቡርግ ከተማ የተመታው ዓይነት ሲሆን፣ ከንግሥቲቱ ምስል በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት የዚያ ማተሚያ ቤት ሹማምንት የሾብልና የፋቢ ስሞች መነሻ ናቸው።

የሳንቲሙ ክብደት 28.07 ግራም፣ የብር መጠኑ ከ1,000 እጅ 833 ያህል፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንዱ ገጽ ባሏ ከሞተባት በኋላ የተከናነበችው ንግሥት ዕንቁዎች ደርድራ ትታያለች፤ በሌላው ገጽ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ተቀርጿል። ጠርዙ በጽሑፍ በመሞላቱ ብሩን ፍቆ መስረቅ በቀላሉ ይታወቅ ነበር። በኢትዮጵያ ገበያም ሻጩ ዕንቁዎቹ ጎልተው የሚታዩበትን ሳንቲም ይመርጥ፣ ያረጀውን ይመልስ ነበር። የክብደት መለኪያው ወቄትም ከዚሁ ሳንቲም ክብደት ጋር ተያይዟል።

ማርትሬዛ ጉድለትም ነበረው። ለትንሽ ግብይት የሚሆን ዝርዝር ስላልነበረው አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ያገለግል ነበር። አንድ ሺሕ ብር 28 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ማጓጓዝ ራሱ ወጪ ነበር። ዋጋውም በዓለም የብር ገበያ የሚወሰን በመሆኑ የኢትዮጵያ መንግሥት ሊቆጣጠረው አይችልም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብርና ግማሹ አላድ ይህን ለመለወጥ የታሰቡ ነበሩ፤ ሆኖም ማርትሬዛን ከገበያ አላስወጡትም። ፍጻሜው የመጣው መንግሥት በ1945 እ.ኤ.አ. አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ ነው። የሕዝቡን እምነት ለማግኘትም የዚያ ገንዘብ የ50 ሳንቲም ዝርዝር ከብር ተሠራ።

የዘመን መወሰኛው ችግር ከባድ የሚሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጣሊያን ከኦስትሪያ የማተሚያ ቅርጹን ወስዳ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮም አስመታች፤ ለንደን በ1936 ተከተለች፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም መቱ። ሁሉም «1780» ይላሉ። ጌዴኦ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት የተጠቃለለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን ቡና የአካባቢው ዋና የገበያ ሰብል የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ በዲላ ወይም በይርጋ ጨፌ የሚገኝ ማርትሬዛ ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረ የቡና ገንዘብ ነው ወይስ ወረራው ራሱ ያመጣው? የሚለው ጥያቄ በዓመቱ ሊመለስ አይችልም።

መልሱ ያለው በጥቃቅኑ ነው። የማተሚያ ቤቶቹ ሥራ በዕንቁዎቹ፣ በንስሩ ላባና በፊደላቱ አቀራረጽ ይለያያል። አንድ ሳንቲም የሮም ሥራ መሆኑ ከታወቀ ከ1935 እ.ኤ.አ. በፊት ወደ አካባቢው ሊገባ እንደማይችል ይረጋገጣል፤ መቼ እንደገባ ግን በዚህ ብቻ አይታወቅም። ለዚያ የባለቤቶቹ ቃል፣ አብረውት የተገኙት ዕቃዎችና የመታሸት ምልክቱ መመርመር አለባቸው። ለጌጥ የተበሳ ሳንቲምም ከገንዘብነት ወደ ጌጥነት መሸጋገሩን ይመሰክራል።

በመሆኑም በመስክ የተገኘ ማርትሬዛ ሳይታጠብና ሳይወለወል በሁለቱም ገጽና በጠርዙ ፎቶግራፍ ሊነሣ፣ ሊመዘንና የባለቤቱ ታሪክ ሊመዘገብ ይገባል። አንጥረኛ ዘንድ ከቀለጠ ብሩ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ስለ ቡና ገበሬው ገቢ ይሰጥ የነበረው ማስረጃ ነው።