በካርሜ ጋት ቤት ጋራዥ ስለሚተከለው ባለ ሁለት ዓምድ የመኪና ማንሻ

በእስራኤል፣ ከቂርያት ጋት ከተማ በስተ ሰሜን የተቆረቆረው አዲሱ የካርሜ ጋት ሰፈር አብዛኛው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ቢሆንም፣ ከመሬት ጋር የተያያዘ ቤትና የግል ጋራዥ ያገኘ፣ ደግሞም ከሥራ መልስ ብረት መነካካት ደስ የሚለው ሰው ቢኖር፣ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ በጀርባው መንጋለል በሰለቸው ጊዜ ልቡ ወደ አንድ መሣሪያ ማዘንበሉ አይቀርም። ይህም መሣሪያ እርስ በርሳቸው በአግዳሚ ያልተያያዙ ሁለት የብረት ዓምዶች፣ ከእያንዳንዱም የሚዘረጉ ሁለት ሁለት ክንዶች ያሉት፣ ሥራው ሲፈጸም ከወለሉ ተፈትቶ በመንኰራኵር እየተገፋ ወደ ግድግዳ የሚጠጋ ተንቀሳቃሽ የመኪና ማንሻ ነው።

መኪናን በዘይት ግፊት ወደ ላይ የማንሣት ጥበብ የትናንት አይደለም። በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ ይኖር የነበረው ፒተር ሉናቲ እ.ኤ.አ. በ1925 የመጀመሪያውን የሃይድሮሊክ መኪና ማንሻ እንዳወጣ፣ ሐሳቡም የመጣለት የጸጉር አስተካካይ ወንበር ሰውን ተሸክሞ ከፍ ሲል በተመለከተ ጊዜ እንደ ሆነ ይነገራል። ጥበቡ የቆመበት ሕግ ግን ከእርሱ እጅግ የቀደመ ነው፤ ይኸውም ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ምእት ዓመት እንዳስረዳው፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይጐድል ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል የሚለው ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ሞተር ዘይቱን በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 150 ኪሎ ያህል በሚሆን ግፊት ብትገፋው፣ ያ ዘይት የአፉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ 3 ቶን ለመሸከም ጥቂት ብቻ የሚጐድለው ኃይል ይሆናል።

ከተንቀሳቃሾቹ መካከል ስሙ የታወቀው ማክስጃክስ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነቱ 2,700 ኪሎ ያህል ተሸክሞ መኪናውን ወደ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያደርሳል። ይህ ከፍታ ቆሞ ለመሥራት አይበቃም፤ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ ፍሬን ለመቀየር፣ ማርሚታ ለመፍታት፣ ዘይት ለማፍሰስ ግን ይበቃል፤ በቤት ጋራዥ ጣሪያ ሥርም ከዚህ በላይ መመኘት ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ 1 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው መኪና 1 ሜትር ከ20 ከተነሣ ጣሪያው ከ2 ሜትር ከ70 ማነስ የለበትምና።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ዓምዱን የሚያየው ሰው የመሣሪያው ብርታት በዓምዱ ያለ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ብርታቱ ሁሉ በማይታየው፣ በወለሉ ውስጥ ነው እላለሁ። ነገሩን በቍጥር እንየው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ሲነሣ እያንዳንዱ ዓምድ 800 ኪሎ ይሸከማል፤ ይህ ክብደት ግን የሚያርፈው በዓምዱ አናት ላይ ሳይሆን በተዘረጉት ክንዶች ጫፍ፣ ምናልባት ከዓምዱ እግር የፊት ጠርዝ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ስለ ሆነ፣ ዓምዱን ወደ መኪናው ያዘነብለዋል። ይህን ማዘንበል የሚከለክሉት ከዓምዱ እግር በስተ ኋላ ያሉት ብሎኖች ናቸው፤ እነርሱም ከእግሩ የፊት ጠርዝ 40 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ፣ በአንድነት 1,400 ኪሎ በሚያህል ኃይል ከአርማታው ተነቅለው ለመውጣት ይሳባሉ። በትልልቁ ጋራዥ ያለው ማንሻ ዓምዶቹ ከላይ ወይም ከታች ስለሚተሳሰሩ እርስ በርሳቸው ይረዳዳሉ፤ ተንቀሳቃሹ ግን እያንዳንዱ ዓምድ ለብቻው ቆሞ ለብቻው ይታገላል። ዓምድ ሲናጋ የሚከተለውን ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቂርያት ጋት ስሟን የወሰደችባት ጌት ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዲቱ ነበረች፤ ከእነዚያው ከተሞች አንዲቱ በሆነችው በጋዛም ሶምሶን ቤቱ የተደገፈባቸውን ሁለቱን ዓምዶች በገፋ ጊዜ የሆነውን መጽሐፈ መሳፍንት ጽፎልናል።

እንግዲህ ወለሉ ምን መሆን አለበት? መጠኑን የሚወስነው የእያንዳንዱ መሣሪያ መመሪያ ሲሆን፣ ለብዙዎቹ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ውፍረትና በካሬ ሴንቲ ሜትር 210 ኪሎ ያህል የመቋቋም ኃይል ያለው አርማታ ይጠየቃል። አዲስ የፈሰሰ አርማታ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ 28 ቀን ይታገሡታል። በሴራሚክ የተሸፈነ ወለል ከሆነ ሴራሚኩና ከሥሩ ያለው አሸዋ ከውፍረቱ አይቈጠርም፤ ባለቤቱም በስፍራው እውነተኛውን ውፍረት ለማወቅ አንድ ቀጭን የሙከራ ቀዳዳ አስበስቶ መለካት ይገባዋል። መሬቱ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ በሆነበት ስፍራ ደግሞ፣ የጎጃምና የበቾ ገበሬ ጠባዩን አሳምሮ እንደሚያውቀው፣ ወለሉ ከዓመት ወደ ዓመት ሊናጋ ይችላልና ስንጥቅ ካለበት አጠገብ ብሎን መትከል አይፈቀድም።

ቀዳዳው ቀጥ ብሎ ይበሳል፤ ዱቄቱም በአየር ተነፍቶ ፈጽሞ ይጠረጋል፤ ምክንያቱም በውስጡ የሚገባው የብረት እጅጌ ተከፍቶ የአርማታውን ግድግዳ የሚይዘው በመፋተግ ስለ ሆነ፣ በመካከል የቀረ ዱቄት ያንሸራትተዋል። እጅጌው ከወለሉ ጋር ተስተካክሎ ይቀራል፤ ዓምዱ በተነሣ ጊዜ እግር የሚያደናቅፍ ነገር አለመቅረቱ የዚህ መሣሪያ ልዩ ጸጋ ነው። ብሎኖቹም በግምት ሳይሆን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ መመሪያው በሚያዝዘውም ጊዜ እንደ ገና ይፈተሻሉ።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ቃል ብቻ፦ ለአሜሪካ የተሠራው ማንሻ ብዙ ጊዜ 110 ቮልትና 60 ኸርዝ ይፈልጋል፣ የእስራኤል መስመር ግን 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም።

መኪናው ሲነሣ ክንዶቹ ፋብሪካው በወሰነው የማንሻ ነጥብ ላይ ብቻ ያርፋሉ፤ ባትሪው ከሥሩ በተነጠፈ የኤሌክትሪክ መኪና ዘንድ ይህ በእጥፍ ይጠበቃል። ጎማዎቹ መሬት እንደ ለቀቁ ቆም ተብሎ መኪናው በእጅ ይነቀነቃል። ተፈላጊው ከፍታ ከተደረሰ በኋላም ጥቂት ዝቅ ተደርጎ በብረት መቈለፊያው ላይ ያርፋል፤ ዘይት ያነሣል፣ የሰው ነፍስ ግን በብረት ላይ እንጂ በዘይት ላይ አትታመንም።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር ከመጡት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በጎንደር ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ የብረት ጥበበኞች ልጆች ናቸው። ያን እጅ አገሩ ሁሉ ሲጠቀምበት ሳለ በ«ቡዳ» ስም ያዋርደው ነበር፤ ይህ ግፍ ነበር። ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ዛሬ በጋራዡ ውስጥ ብረት በክብር ሲነካ ማየት እኔን ደስ ያሰኘኛል፤ ስለዚህም ነው ደኅንነቱ የሚያሳስበኝ።

የጋራ ሕንፃ ነዋሪ የሆናችሁ አንባቢዎች ግን ይህን መሣሪያ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ አትትከሉ። ያ ወለል የሁሉም ንብረት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ሌላ ማቆሚያ አለ፤ ድሪሉ በአርማታው ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ ቢቈርጥ ጉዳቱ በአንድ ቤት አይወሰንም፤ የቫዓድ ባይት (የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ) ፈቃድም ቢገኝ መሐንዲስ ካልመረመረው አይበቃም። ለእናንተ የሚሻለው በከተማው ካሉት ፈቃድ ካላቸው ጋራዦች በአንዱ፣ በተመረመረ ማንሻ ላይ ማሠራት ነው።