የልጃችሁ ስም መዝገብ ላይ አለ?

በሬዲዮ የሰማችሁት ንግግር ይኸው በጽሑፍ እጃችሁ ገብቷል። ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ቁጥር ስታገኙ ቆም በሉና ደግማችሁ አንብቡ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ልጅ መውለድ፣ ስለ ስምና ስለ ቁጥር ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ስም እንዲያው ዝም ብሎ አይወጣም። ዝናብ ሲዘንብ የተወለደ ልጅ ዘነበ ይባላል። በኦሮምኛም ሮባ የሚባል ስም አለ፤ ሮባ ማለት ዝናብ ነው። አዝመራው ባማረበት ዓመት የተወለደ ደግሞ ጥጋቡ ይባላል።

አሁን እነዚህን ስሞች ተመልከቱ፦ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ። እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ የሚወጡት መቼ ነው? ቤቱ ሐዘን ደርሶበት ከሆነ ነው፤ በተለይም ከዚያ በፊት ሕፃን ሞቶ ከሆነ። ካሳ ማለት ስለ ጠፋው የተሰጠ ማለት ነው። ማስረሻ ማለት ሐዘንን የሚያስረሳ ማለት ነው። እናትየዋ ልጅ መቅበሯን በወረቀት አልጻፈችም፤ በሚቀጥለው ልጇ ስም ላይ ግን ጽፋዋለች።

የአንድ ቤት ሐዘን በስም ይታወቃል። ያገር ሐዘንስ በምን ይታወቃል? በቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አንደኛው መንገድ የሕዝብ ቆጠራ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ኤርትራን ጨምሮ የሕዝቡ ብዛት 42 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1987 ዓ.ም. ኤርትራ ሳትጨመር 53 ሚሊዮን ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

ሁለተኛው መንገድ የናሙና ጥናት ይባላል። ናሙና ማለት ምን ማለት ነው? እናት ወጡ ጨው እንደ በቃው ለማወቅ ድስቱን ሁሉ አትጠጣም። አማስላ በጭልፋ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ጥናቱም እንደዚሁ ነው። ከየክልሉ፣ ከከተማውም ከገጠሩም ጥቂት ቤቶች በዕጣ ይመረጣሉ። እናቶች «ስንት ወለዳችሁ? ስንቱ አደጉ?» ተብለው ይጠየቃሉ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በ1992 ዓ.ም. የተደረገው ጥናት እንዲህ አለ፦ ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ይኸውም ከ6 ልጆች አንዱ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. እንደገና ሲጠና ቁጥሩ ወደ 67 ወርዶ ተገኘ። ይህ ከ15 ልጆች አንዱ ማለት ነው። ክትባቱ፣ የጤና ጣቢያው፣ ከቤት ቤት የምትዞረዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉ ለዚህ ረድተዋል። ቢሆንም 67 ትንሽ ቁጥር አይደለም። እያንዳንዱ የአንዲት እናት ልጅ ነበር።

መውለዱስ? ጥናቱ በ2008 ዓ.ም. አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች ይላል። «ኧረ! ከነጥብ በኋላ ያለው 6 ምን ዓይነት ልጅ ነው?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ጎዶሎ ልጅ የለም። በ10 እናቶች አስቡት። 10 እናቶች በጠቅላላው 46 ልጆች ይወልዳሉ ማለት ነው። በ1982 ዓ.ም. ግን 10 እናቶች 64 ልጆች ይወልዱ ነበር።

ቦታም ይለያያል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት በገጠር 10 እናቶች 52 ልጆች፣ በከተማ 10 እናቶች 23 ልጆች ይወልዱ ነበር።

ለምን ቀነሰ?

ዱሮ ወላጅ «ከስድስቱ ሁለቱ እንኳ ቢያድጉልኝ» እያለ ይወልድ ነበር። ልጁ እንደሚያድግ ማመን ሲጀምር ግን ስንት እንደሚወልድ ማሰብ ይጀምራል። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትቆይ ደግሞ ዘግይታ ታገባለች፤ ዘግይታም ትወልዳለች። በገጠር የአባት መሬት ለልጆች ሲካፈል እየጠበበ መጣ። በከተማ የቤት ኪራዩና ኑሮው ከበደ። የወሊድ መከላከያም ተስፋፋ። በ1992 ዓ.ም. ከ100 ባለትዳር ሴቶች በዘመናዊ መንገድ የሚጠቀሙት 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 ሆኑ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን። ዕድል መኖሩ ይኑር፤ ነገር ግን ክትባቱን አስቦ የሚያመጣ፣ ክፍሉን ቆጥሮ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ መውለድ ከቀነሰ ሕዝቡ ለምን ይበዛል? ቀደም ሲል የተወለዱት ብዙ ሴት ልጆች አድገው እናት ስለ ሆኑ ነው። እያንዳንዷ ከእናቷ ያነሰ ብትወልድም፣ የእናቶቹ ቁጥር ራሱ በዝቷል።

ያልተጻፈ ልጅ

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት አምስት ዓመት ካልሞላቸው 100 ሕፃናት መካከል በመንግሥት መዝገብ የተጻፉት 3 ብቻ ነበሩ። የልደት ምዝገባ ሕግ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በመላ አገሪቱ ሥራው የተጀመረው ከዚያ ጥናት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

አለመጻፍ ምን ያመጣል? እስቲ አንዲት ልጅ በሐሳባችሁ አስቡ። ዕድሜዋ 14 ነው። ሽማግሌ ተልኮ ለጋብቻ ትጠየቃለች። «ገና ልጅ ናት» ትላለች እናት። «ኧረ 18 ሞልቷታል» ይላል ሌላው። ሕጉ ለማግባት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል ይላል። ግን የልጅቷን ዕድሜ ማን ያውቃል? «የጤፉ አጨዳ ጊዜ ነው የተወለደችው» ማለት አይበቃም። የልደት ምስክር ወረቀት ቢኖር ግን ክርክሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ስለዚህ ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ከመሄዳችሁ በፊት በአንድ ስም ተስማሙ። አያት በአንድ ስም፣ አባት በሌላ ስም፣ ትምህርት ቤቱ በሦስተኛ ስም ከጠሩት ወረቀቶቹ አይገናኙም፤ ልጁም ካደገ በኋላ ይቸገራል። በቤት የቁልምጫ ስም መጥራት ግን ማንም አይከለክላችሁም።

ወረቀቱ ሲሰጣችሁ አጥፋችሁ ኪሳችሁ አትክተቱት። አሁን ማንበብ ትችላላችሁ! እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የልጁ ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱ ልክ ነው? አንድ ፊደል እንኳ ቢሳሳት «ይታረምልኝ» በሉ። ዱሮ ጣታችንን ቀለም አስነክተን ሌላ ሰው ያነበበልንን እናምን ነበር። ዛሬ ራሳችን እናያለን።

ጥያቄዎች፦
1. ከ10 እናቶች 46 ልጆች ከተወለዱ ለአንዲት እናት በአማካይ ስንት ይደርሳል?
2. በሰፈራችሁ ታሪክ ያለውን አንድ ስም ጻፉ። ስሙ ለምን ወጣ?
3. የልጆቻችሁን ስም ከነተወለዱበት ቀንና ዓመት በደብተራችሁ ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ መዝገብ ላይ ያለው ማን ነው? የሌለውስ?

ለዛሬ በዚህ እናበቃለን።