ተጨማሪ መረጃ፦ ከድምፅ የሚዘገየው ጥይት ለምን ይመረጣል?

አየሩ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የድሬዳዋ ቀትር 35 ሲደርስ ግን ወደ 352 ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ልዩነት ከሚያሳስባቸው ሰዎች መካከል የዒላማ ተኳሾች ይገኙበታል።

በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚተኮሰው 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ትንሽ ነው፤ አረሩ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ማቀጣጠያው ያለው በቀለሁ ግርጌ መሃል ሳይሆን በጠርዙ ውስጥ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ብታነሱ ጠርዙ ላይ የመምቻውን ጠባሳ ታያላችሁ። አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

«ፈጣኑ ይሻላል» የሚል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 380 ሜትር የሚወጣ አረር ገና በመንገድ ላይ ሳለ ፍጥነቱ ከድምፅ በታች ይወርዳል፤ በሽግግሩ ጊዜ የሚገጥመው የአየር መናወጥ ሊያወላውለው ይችላል። በ325 አካባቢ የሚወጣው ግን ከአፈሙዙ ጀምሮ ከድምፅ በታች ነው፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋለታል።

የቀረው ሙከራ ነው። አንድ ፋብሪካ ያወጣቸው ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ አንዱን ጥይት እኩል አይወዱትም። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ተኳሽ (በአገራችን ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው) ከየዓይነቱ አሥር አሥር ተኩሶ ቀዳዳዎቹ የተጠጋጉለትን ይመርጣል፤ ፓኮው ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር አይቶም ከዚያው ቁጥር ይገዛል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን አይተወውም፤ አረሩ የተቀባው ሰም ይለሰልሳል።